ይረፉ

ጋርላንድ ውስጥ ባለው በዚያ ቤት ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ ከመስኮቱ ሥር የሆስፒታል አልጋ ተዘርግቷል። የማኅበሩ ሰዎች ናቸው ያመጡት፤ ቁልፍ ሲጫኑት ራስጌው ከፍ የሚል፣ በግራና በቀኝ የብረት መከላከያ ያለው። ጠያቂ በር ላይ ጫማውን አውልቆ ሲገባ መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ሊቀበሉት ክርናቸውን ፍራሹ ላይ ይተክላሉ። ያኔ ከበሩም፣ ከወጥ ቤቱም፣ ከሶፋውም አንድ ድምፅ ይነሣል፤ «ኧረ በእግዚአብሔር! አይነሡ! ይረፉ!»

መሪጌታ ተመልሰው ይጋደማሉ። ጠያቂው ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ስለ አገር ቤት ይወራል። ሲወጣም የመጨረሻው ቃል ያው ነው።

አማርኛ ለዕረፍትና ለሞት አንድ ግሥ ሰጥቷል። ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል፤ አውሮፕላን ያርፋል፤ ገበሬ በቀትር ጥላ ሥር ያርፋል። «አባ እገሌ አረፉ» ከተባለ ግን ነጠላ ይዘቀዘቃል። ሰሚው ልዩነቱን የሚያገኘው ከቃሉ ሳይሆን ከተናጋሪው ፊት ነው። የመሪጌታ ሴት ልጅ ከጊዜ በኋላ እንደምትናገረው፣ በእነዚያ ሳምንታት «ይረፉ» የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር የተናጋሪውን ፊት ማየት ለምዳ ነበር።

መሪጌታ 71 ዓመታቸው ነው። በማዕረጋቸው እንጂ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። አቋቋም የተማሩት ጎንደር በአታ ነው፤ ዳላስ ከገቡ በኋላ ደግሞ 22 ዓመት ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነድተዋል። ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ «ስድስት ቀን ተቀምጬ፣ አንድ ቀን ቆሜ» ይሉ ነበር። የቆሙባት አንዷ ቀን እሑድ ናት፤ ከሌሊቱ ጀምሮ መቋሚያ ይዘው፣ ጸናጽል እያንሿሹ ማኅሌት የሚቆሙባት። በቤተ ክህነት ቋንቋ ማኅሌት አይዘመርም፤ ይቆማል። ትምህርቱም «አቋቋም» የተባለው ከዚሁ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። የተነገራቸው «እጢ» ተብሎ ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ሙሉ እውነትም አይደለም። በየሦስት ወሩ መርፌ ይወጋሉ። መርፌው የወንድነትን ሆርሞን የሚያጠፋ ነው፤ ካንሰሩ የሚያድገው በዚያ ሆርሞን ስለሆነ። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ጡንቻ ይመነምናል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ሰውነት ቶሎ ይደክማል። ባለፈው ጥር ወገባቸውን ያማቸው ጀመር፤ በተለይ ሌሊት፣ ጋደም ሲሉ። «የታክሲው ወንበር ነው» ተባለ። ቅባት ተቀባ፣ ፌጦ ተለሰነ። ኤምአርአይ ሲነሡ ካንሰሩ በሁለተኛውና በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት ላይ ሰፍሮ ተገኘ። ከፕሮስቴት፣ ከጡትና ከሳንባ የሚነሣ ካንሰር ሲዛመት አጥንትን ይመርጣል፤ ከአጥንትም አከርካሪን።

ልጆቹ ተሰብስበው ወሰኑ፤ አባባ አይነገራቸውም። ወንድየው «ካወቁ በሐሳብ ነው የሚሞቱት» አለ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ይህ ለአበሻ ቤት እንግዳ አይደለም። መርዶ እንኳ ሥርዐት አለው፦ በማለዳ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ለታማሚው ለራሱ ስለ ራሱ ሕመም መንገር ግን ሥርዐት አልተበጀለትም። ስለዚህ ሰው ዝም ማለቱን ፍቅር አድርጎ ይወስደዋል፤ ብዙ ጊዜም ፍቅር ነው።

በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ ልጅ ለአባት እንዲያስተረጉም አይፈለግም። ምክንያቱም የመሪጌታ ልጆች ያሰቡትን ዐይነት ማለስለስ ይመጣል። የጨረር ሐኪሙ በአስተርጓሚ በኩል፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ ብሎ ጠየቃቸው። መሪጌታ «ለልጆቼ ንገሯቸው» አሉ። ሐኪሙ ይህን እንደ መልስ ተቀበለ። ወረቀቱ ተፈረመ፤ አሥር ቀን ጨረር ታዘዘ፤ ቅዳሜና እሑድ የለም። አንዱ ቀን ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰው ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ይነሣል።

ጠያቂዎቹ ጨረር ሲባል የሚያስታውሱት ሌላ ነገር ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ ወይም ዘመድ ቤት ተጠግቶ፣ ተራውን ወራት ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ሕመሙ ከተራው ቀድሞ የሄደበትም ብዙ ነው። ከጠያቂዎቹ አንዷ እህታቸውን እዚያ አስታመዋል። እሳቸው የሚያውቁት ካንሰር የአልጋ በሽታ ነው፤ ያዩት መጨረሻውን ብቻ ስለሆነ። «ይረፉ» ሲሉ ክፉ አላሰቡም። ያላቸውን ነው የሰጡት።

አልጋን በተመለከተ ግን ዳላስ የራሷ ታሪክ አላት። በ1966 እ.ኤ.አ. በበጋ ወራት፣ ከመሪጌታ ቤት በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል በሚያስኬደው የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ዩቲ ሳውዝዌስተርን በሚባለው፣ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለ20 ቀን አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ከስዊድን የመጣው ቤንግት ሳልቲን ከዳላስ ባልደረቦቹ ጋር የወጣቶቹን ልብና ሳንባ ከመተኛታቸው በፊትና በኋላ ለካ። ሲነሡ፣ ሰውነታቸው በከባድ ሥራ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን ከሩብ በላይ ቀንሶ ነበር። ሁለት ወር ገደማ በብርቱ ሲሠለጥኑ ያጡት ተመለሰ፤ ለአንዳንዶቹም ከቀድሞው በለጠ። ነገሩ እዚህ አላበቃም። በ1996 እ.ኤ.አ. እነዚያው አምስት ሰዎች፣ አሁን የ50 ዓመት ጎልማሶች፣ እንደገና ተለኩ። የሠላሳ ዓመት እርጅና የወሰደባቸው አቅም በሃያ ዓመታቸው የሦስት ሳምንት አልጋ ከወሰደባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው ጥናት የታተመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ኬኔዝ ኩፐር የተባለው ሐኪም «ኤሮቢክስ» የሚለውን መጽሐፉን ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው፤ በ1970 ዳላስ መጥቶ ማዕከሉን ከፈተ፣ ቃሉም ዓለምን ዞረ። ዓለምን ሩጡ ያለችው ከተማ ራሷ ግን የእግር መንገድ ነፍጋለች። ጋርላንድ ውስጥ ዳቦ ለመግዛት እንኳ መኪና ይነሣል።

የሃያ ዓመት ጤነኛ ጎረምሳና አከርካሪው ውስጥ ካንሰር ያለበት ሽማግሌ አንድ አይደሉም። ጎረምሳው ቢነሣ የሚያጣው ነገር የለም። ሽማግሌው ቢነሣ አጥንቱ ሊሰበር፣ የተሰበረው አጥንት ሕብለ ሰረሰሩን ሊጫን፣ ዳግም ላይራመድ ይችላል። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን አጥንቱ ታሟልና አይንቀሳቀስ ሲሉ የኖሩት በዚህ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። የመሪጌታ ልጅ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ወረቀቱን ስታይ ስሕተት መስሏት ስልክ ደወለች። ስሕተት አልነበረም። ጨረሩ በሚሰጥባቸው ቀናት ውስጥ ሥልጠናም ይጀመራል ተባለች።

ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ናት። አስተርጓሚዋ ደግሞ በመንኰራኵር በሚገፋ ስክሪን ውስጥ ያለች፣ ሌላ ስቴት የምትኖር ሐበሻ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ወገብዎ ላይ ምን እንዳለ ያውቃሉ?» የሚል ነበር። ልጅቱ ከአባቷ ጀርባ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። ፊዚዮቴራፒስቷ አየቻት። ጥያቄውን ትታ የደም ግፊት ለካች፣ ከዚያ ልጅቱን ወደ ኮሪደር ጠራቻት።

ኮሪደሩ ላይ የተባለው አጭር ነው። አባትሽ ወገባቸውን እንዳያጥፉ፣ እንዳይጠማዘዙ፣ ከመሬት ዕቃ እንዳያነሡ ማስተማር አለብኝ፤ ለምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግን ዘወር ስል ያጥፈዋል። እግራቸው ከዛለ፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካላቸው በዚያው ሰዓት መናገር አለባቸው፤ ያ ሕብለ ሰረሰሩ እየተጫነ መሆኑ ነው፣ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። የማያውቅ ሰው ሽንት እምቢ ሲለው አፍሮ ይደብቃል።

የዚህ ሕክምና ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጨረሩን ማሽኑ ይሰጣል፣ መርፌውን ነርሷ ትወጋለች፣ ክኒኑን ባለቤታቸው ከውሃ ጋር ያቀርባሉ። ይህ ሁሉ የተኛ ሰው ምንም ሳያውቅ ሊደረግለት ይችላል። እንቅስቃሴ ግን ታማሚው ራሱ የሚሠራው ነው። ሰውን ሳይነግሩት ማስተኛት ይቻላል፤ ሳይነግሩት ማሠልጠን አይቻልም። የልጆቹ ስምምነት እስከዚያ ኮሪደር ድረስ የቆየው አባታቸው ተኝተው ስለነበር ነው።

የነገረቻቸው በሆስፒታሉ የመኪና ማቆሚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው። «አባባ፣ እጢው ወገብዎ ላይ ደርሷል። ካንሰር ነው። አጥንቱ ውስጥ ነው ያለው።» ሌላ ያሰበችው ብዙ ነገር ነበር፤ አልወጣላትም። መሪጌታ ፊት ለፊት ያለውን የሲሚንቶ ግድግዳ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «መኪናውን አስነሺ» አሉ።

ሁለት ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ለጨረሩ ብቻ ይነሣሉ፤ ይሄዳሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። ወንድየው ወጥ ቤት ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገደልሻቸው» አላት። እሷም የመለሰችው ነገር የለም፤ ሳይሆን አይቀርም ብላ ፈርታ ነበርና። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጠርተዋት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ስንተኛው አጥንት ነው?» አሏት። ነገረቻቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ጣታቸውን በሰረሰራቸው ላይ እያሳለፉ ቆጠሩ። «ከታች ነው ከላይ የሚቆጠር?» አሉ። እሱን አታውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ፊዚዮቴራፒስቷ የፕላስቲክ አከርካሪ አምጥታ አስቆጠረቻቸው። ከላይ ነው የሚቆጠረው። የአጥንቱን ጽናት ሐኪሞች የሚመዝኑበት ከ0 እስከ 18 የሚደርስ ነጥብ እንዳለም ነገረቻቸው፤ አጥንቱ የት ቦታ ነው፣ ሲንቀሳቀሱ ያማል ወይ፣ ተጨፍልቋል ወይ፣ ቅርጹ ተዛብቷል ወይ እየተባለ ይደመራል። እስከ 6 የጸና ይባላል፣ ከ13 ጀምሮ የማይጸና ነው፣ መካከሉ አጠራጣሪ። የመሪጌታ 5 ነው። 13 ቢሆን ኖሮ ፊዚዮቴራፒስቷ ዘንድ ሳይሆን የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ነበሩ፤ ያኔ «አይነሡ» የሚለው ጠያቂ ልክ ይሆን ነበር።

ከዚያ ስለ ቁመና ማስተማር ጀመረች፤ ደረት እንዴት እንደሚቀና፣ ክብደት በሁለቱ እግር እንዴት እንደሚከፈል። ስክሪኑ ውስጥ ያለችው አስተርጓሚ፣ ቃሉ በአማርኛ ሌላ ስለሌለው፣ «አቋቋምዎን ላስተካክልልዎ ነው የምትለው» አለች።

መሪጌታ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እኔን? አቋቋም?»

አስተርጓሚዋ ዘግይቶ ገባትና እሷም ሳቀች። የሥራው ደንብ የተባለውን ሁሉ ማስተርጎም ስለሆነ ሳቁንም ማስተርጎም ነበረባት፦ እኚህ ሰው አቋቋም የሚባል ትምህርት ዓመታት ተምረዋል፣ አስተምረዋልም፤ ቆሞ መዘመር ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ያሳዩኝ» አለች። መሪጌታ ጥግ ላይ ያለውን ከዘራ አንሥተው እንደ መቋሚያ ያዙት፣ ቀስ ብለው ዘመሙ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ። እሷ እየዞረች ከጎንም ከኋላም አየች። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ክብደት ማዛወሩን፣ ሰረሰሩ ቀጥ እስካለ ድረስ፣ ፈቀደች። ጎንበሱን ከለከለች። በዚያን ቀን የተሠራው ሥልጠና ግማሹ የመሪጌታ ነበር።

የቀረው እንዲህ ነው። ጀርባን ከግድግዳ አስጠግቶ ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ መግፋት። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ፣ ጀርባ እንደ ጠረጴዛ ሳይነቃነቅ፣ አንድ ክንድ ወደ ፊት ዘርግቶ ማቆየት። ጡንቻው ይሠራል፣ አጥንቱ ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። መሪጌታ የሚቆጥሩት በግዕዝ ነው፤ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ… ዐሠርቱ ላይ ያሳርፋሉ።

ልጅቱ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ያልገባትን ነገር ማታ ማታ በስልኳ ታነባለች። በጀርመን አገር ሃይደልበርግ ሃራልድ ሪፍና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. የጀመሩትን ጥናት ያገኘችው እንዲህ ነው። አከርካሪያቸው ላይ ካንሰር የሰፈረ 60 ታካሚዎች ጨረር በሚወስዱባቸው ሁለት ሳምንታት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 30ዎቹ የጀርባ ጡንቻቸውን ሳይታጠፉ የሚያጠነክሩበት ሥልጠና ተሰጣቸው፣ ቤታቸውም ሄደው ቀጠሉ፤ የቀሩት 30 የተለመደውን፣ ታማሚው ራሱ የማይሠራበትን እንክብካቤ አገኙ። የሠለጠኑት ሕመማቸው ይበልጥ ቀለለ። የሚሰበር አጥንት በእነሱ አልበዛም። ከወራት በኋላ በሲቲ ሲታይ ጨረር ያገኘው አጥንታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ጠጥሮ ነበር።

ሌላም አገኘች። በአውስትራሊያ ፐርዝ ዳንኤል ጋልቫኦና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ ልክ እንደ መሪጌታ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ የገባባቸውን 57 ወንዶች ይመለከታል። ለሥልጠናው የተመደቡት ሦስት ወር ሠሩ፤ እግራቸው በረታ፣ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ቀለላቸው፣ በሥልጠናው ምክንያት የተሰበረ አጥንት አልተገኘም። ዘዴያቸው ግን ከሃይደልበርግ ይለያል፤ ፐርዞቹ የታመመውን አጥንት ዘለው ጤነኛውን ክፍል ነው የሚያሠሩት፣ ሃይደልበርጎቹ በቀጥታ የታመመው አጥንት ዙሪያ ሄዱ። ሁለቱም ስልሳ ሰው የማይበልጥበት ጥናት ነው። የሃይደልበርጉ አከርካሪያቸው የጸና ሰዎችን ብቻ መርጦ የወሰደ ነው። የተለያየ አገር ባለሙያዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጋራ ምክርም የሚለው መጠነኛ ነገር ነው፦ የእንቅስቃሴን አደጋ ስትመዝን ያለመንቀሳቀስንም አደጋ ከሚዛኑ በሌላው ወገን አስቀምጥ። ልጅቱ ለወንድሟ ያነበበችለት ይህን ነው። ወንድሟ «ስልሳ ሰው» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

ወራቱ የዐቢይ ጾም ነበር፤ የስግደት ወራት። መሪጌታን ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው ግንባራቸውን መሬት ማስነካት መከልከላቸው ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰገዱበት ወገብ አሁን አይታጠፍም ተባለ። የንስሐ አባታቸው መጥተው «ቆመው ይጸልዩ፣ ይበቃዎታል» አሉ። ስለ ምግቡም ፈቀዱ፤ ጡንቻ ለመሥራት ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ ታማሚ ደግሞ ከጾም ነጻ ነው። እንቁላሉን እምቢ አሉ። በሰዓት በኩል ግን ተስማሙ፤ ጠዋት ሽምብራ፣ ቀን ምስር፣ ከሥልጠና በኋላ ኦቾሎኒ። ባለቤታቸው የኦቾሎኒ ቅቤውን ማሰሮ አልጋው አጠገብ አኖሩት፤ መሪጌታ እየተነሡ ሄደው እንዲበሉ ልጃቸው ወደ ወጥ ቤት መለሰችው። በዚህ ማሰሮ ላይ በእናትና በልጅ መካከል የነበረው ጸጥ ያለ ጦርነት አንድ ሳምንት ቆየ።

ጨረሩ ከተጀመረ በኋላ በነበሩት ቀናት ሕመሙ ባሰ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ጨረሩ መጀመሪያ አጥንቱን ያስቆጣዋል፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይበርዳል፣ እፎይታው የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯል። ጠያቂው ግን አልሰማም። «አላልንም? ያ ስፖርት ነው» ተባለ። «ስፖርት» የሚለው ቃል ራሱ ነገሩን አበላሸው፤ ኳስና ቁምጣ ነው የሚያሳየው፤ በካንሰር ለተያዘ የ71 ዓመት ሊቅ ሲነገር ስድብ ይመስላል። መሪጌታ ራሳቸው ለሥልጠናው ሌላ ስም አልፈለጉም። «አቋቋሜን ልያዝ» ይላሉ፣ ከአልጋው ሲነሡ።

አንድ ጠያቂ፣ ሊያበረታታ ብሎ፣ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አነሣ፦ ሲዘምር ንጉሡ ገብረ መስቀል ጦሩን እግሩ ላይ ተክሎበት፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው አለማወቃቸውን። መሪጌታ ታሪኩን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያስተምሩት የኖሩት ነው። አዳምጠው ሲጨርሱ «እኔ ግን እንዳውቅ ነው የታዘዝኩት» አሉ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት የሚያደርጉት ነገር ነበራቸው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ያነቃንቃሉ፣ ተረከዛቸውን ምንጣፉ ላይ ያሻሉ፣ ቀኙም ግራውም እኩል እንደተሰማቸው ለልጃቸው ይናገራሉ። እግራቸውን እንዲህ ያዳመጡበት ዘመን አልነበረም።

መጻጉዕ በመጣ እሑድ፣ ጨረሩ አምስት ቀን ሞልቶት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የዕለቱ ወንጌል 38 ዓመት በአልጋ ላይ ኖሮ የተነሣውን ሰው ይናገራል። ሰባኪው ስለ እምነት ሰበከ፤ ብዙ ዐይን ወደ መሪጌታ ዞረ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በየሃያ ደቂቃው ይነሣሉ፣ በመቋሚያቸው ትንሽ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ። ተአምር የጠበቀ ካለ አላየም። መነሣትና መቀመጥ ነው ያየው።

በፋሲካ ሌሊት ማኅሌቱን ሙሉ አልቆሙም። ግማሹን ቆሙ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ጎንበሱ በሚመጣበት ጊዜ መቋሚያቸውን ብቻ ወደ ፊት እየላኩ። ተማሪዎቻቸው ሲያዩዋቸው መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ አንዱ ልጅ እሱም አልጎነበሰም፣ ሌላውም ተከተለው፤ መሪጌታ ተቆጥተው «እናንተ ምን ሆናችሁ? ዝመሙ!» አሏቸው። ሕመሙ በዚያን ሰሞን በጣም ቀሎ ነበር። የቀለለው በጨረሩ ይሁን፣ በመድኃኒቱ፣ ወይስ በሥልጠናው፣ አንድ ሰው ብቻ ይዞ መለየት አይቻልም። ካንሰሩ አልጠፋም፤ ይጠፋል ያለም የለም። አዲስ ክኒን ተጨምሯል፣ በየሦስት ወሩ ደም ይመረመራል፣ መርፌውም ቀጥሏል።

ወንድየው ከእህቱ ጋር የታረቀው በንግግር አይደለም። አንድ ቅዳሜ ጋራዡን ጠርጎ፣ የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ግድግዳው ላይ በአባቱ ቁመት ልክ የእጅ መያዣ ዘንግ በዊንጭ አሰረ። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ይሠራሉ፤ በሩ ተከፍቶ፣ የጎረቤት ልጆች ብስክሌት ሲነዱ እያዩ፣ በግዕዝ እየቆጠሩ። ወንድየው አጠገባቸው ይቆማል። ስለ ካንሰሩ በቀጥታ የሚጠይቀው እዚያ ነው፤ እሳቸውም የሚመልሱት እዚያ ነው፣ በአንድ ቍጥርና በሌላው መካከል።

አልጋው ከሳሎን ወጥቶ ከጋራዡ ጥግ ተጣጥፎ ቆሟል። በሰኔ ወር ከማኅበሩ ተደወለ፤ ፎርት ዎርዝ አንድ ታማሚ አለ፣ አልጋው ይፈለጋል። ወንድየው ፒካፕ ተውሶ መጣ። ልጅቱ አንሶላውን አጥፋ አዘጋጀች። መሪጌታ «ስጧቸው እንጂ» አሉ። ባለቤታቸው ግን የጋራዡ በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን አጣፉና ማንንም ሳያዩ «ሌላ ይግዙላቸው፣ ገንዘቡን እኔ እሰጣለሁ። ይሄ ይቆይ» አሉ። የተከራከራቸው የለም። ወንድየው ባዶውን ፒካፕ ለባለቤቱ መለሰ።